ዶክተር ዊሊያም ማስተርስ፦ የወንድን የወሲብ እርካታ በመሣሪያ የለኩት ሐኪም

በስንፈተ ወሲብ ምክንያት ወደ ሐኪም የሄዱ ባልና ሚስት አንዳንድ ጊዜ ያልጠበቁትን ትዕዛዝ ይዘው ይመለሳሉ፤ ለተወሰነ ጊዜ ግንኙነት እንዳያደርጉ ይነገራቸዋል። ብልቱ አልቆም ብሎት የመጣ ሰው ጭራሽ እንዳይሞክር ሲታዘዝ ግራ ቢገባው አይገርምም። ትዕዛዙ ግን የራሱ ምክንያት አለው። ከየት እንደመጣ ለመረዳት የአንድ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም የሕይወት ታሪክ ማወቅ ይጠቅማችኋል። ዶክተር ዊሊያም ማስተርስ ይባላሉ። ካረፉ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የወንድ ሰውነት በግንኙነት ጊዜ ምን እንደሚሆን ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት ከሚገኘው መሠረታዊ እውቀት ብዙው ግን ከእሳቸው ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማስተርስ የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ነው። ሕክምና የተማሩት በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በ1943 ተመረቁ። በተማሪነታቸው ጆርጅ ኮርነር በተባሉ ተመራማሪ ሥር ሠርተዋል፤ ኮርነር ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ ናቸው። ወጣቱ ስለ ሰው ልጅ ወሲብ መመራመር እንደሚፈልግ ሲያውቁ አልከለከሉትም፤ ሦስት ነገር ግን መከሩት። ዕድሜህ ወደ 40 እስኪጠጋ ቆይ፣ አስቀድመህ በሌላ የምርምር ዘርፍ ስም አትርፍ፣ ደግሞም አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከጀርባህ ይኑር። ነገሩ የሚያስወነጅል ነበርና ምክሩ የብልህ ምክር ነው።

ማስተርስም ምክሩን ሰሙ። በ1947 በሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ልጅ ያጡ ባልና ሚስቶችን ማከም፣ የወር አበባቸው ለቆመ ሴቶች ስለሚሰጥ ሆርሞን ማጥናት ያዙ። የተከበሩ ሐኪም ሆኑ። በ1954፣ በ38 ዓመታቸው፣ ያሰቡትን ጀመሩ።

ከእሳቸው በፊት አልፍሬድ ኪንሲ የተባሉ ምሁር ሺዎችን ጠይቀው በ1948 ስለ ወንዶች የወሲብ ልማድ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ሰው ግን የሚናገረው የሚያስታውሰውን ነው፤ ሲያፍርም ይቀንሳል፣ ሲኮራም ይጨምራል። ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታች፣ የትኛው ጡንቻ መቼ እንደተኮማተረ በጥያቄ አይገኝም። ማስተርስ የፈለጉት የልብን ምት እንደሚለኩ ሁሉ ይህንንም መለካት ነበር። በመጀመሪያ ያነጋገሩትና ያጠኑት በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ሰዎችን ነው፤ የእነሱ ሰውነት የሌላውን ሰው ይወክላል ለማለት ስላልተቻለ ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፈቃደኞችን መመልመል ጀመሩ።

በ1957 ሁለት ልጆች ያሏትንና ከባሏ የተፋታችውን ቨርጂኒያ ጆንሰንን ረዳት አድርገው ቀጠሩ። ጆንሰን የሕክምና ዲግሪ አልነበራትም። ሰው ማነጋገርና ማረጋጋት ግን ታውቅበት ነበር፤ ፈቃደኞቹ ልብሳቸውን አውልቀው የልብ መለኪያ ሽቦ ደረታቸው ላይ ሲለጠፍባቸው እንዳይሸማቀቁ ያደረገችው በብዛት እሷ ናት። ማስተርስ ቁጥብና ቀዝቃዛ ሰው ነበሩና ያለ እሷ ሥራው የትም ባልደረሰ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱ 382 ሴቶችንና 312 ወንዶችን፣ በጠቅላላው 10,000 ገደማ የሚሆኑ የወሲብ ዑደቶችን አጠኑ። ከወንዶቹ መካከል በ20ዎቹም በ80ዎቹም ዕድሜ ያሉ ነበሩ። ውጤቱ በ1966 በመጽሐፍ ታተመ። አጻጻፉ ሆን ተብሎ እጅግ ደረቅ ተደርጎ ነበር፤ ይሁንና እንደ ልቦለድ ተሸጠ።

በዚያ መጽሐፍ ስለ ወንድ የተጻፈውን ቀስ ብለን እንየው።

የሰውነትን ምላሽ በአራት ደረጃ ከፈሉት፤ መነቃቃት፣ ከፍ ብሎ መቆየት፣ እርካታ (በሕክምና ቋንቋ ኦርጋዝም) እና ወደነበረበት መመለስ። በመነቃቃት ጊዜ ወደ ብልት የሚገባው ደም ከሚወጣው ይበልጣል፤ ብልቱ የሚቆመው በደም እንጂ በጡንቻ ወይም በአጥንት አይደለም። የዘር ፍሬዎች ወደ ሰውነት ይሰበሰባሉ። በሁለተኛው ደረጃ የዘር ፍሬዎቹ ራሳቸው በደም ሞልተው በግማሽ ያህል ሊተልቁ ይችላሉ፤ ጡንቻ ይወጠራል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፤ ከብልቱ ጫፍም ጥርት ያለ ፈሳሽ ጠብ ሊል ይችላል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ሕያው የወንድ ዘር መገኘቱን ሁለቱ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ከመርጨቴ በፊት አወጣዋለሁና እርግዝና አይመጣም ብላችሁ የምትተማመኑ ካላችሁ፣ ይህን ልብ በሉ።

ሦስተኛው ደረጃ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ የፕሮስቴት ዕጢና ከሽንት ፊኛ ኋላ ያሉት የዘር ፈሳሽ ዕጢዎች ተኮማትረው ፈሳሹን በሽንት ቧንቧ መነሻ ላይ ያጠራቅማሉ፤ የፊኛው አፍ ይዘጋል። ወንዱ ከእንግዲህ ማቆም እንደማይችል የሚታወቀው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ከዚህ ካለፈ በኋላ ማንም በፈቃዱ አይገታውም። ቀጥሎ በብልቱ ሥር ያሉ ጡንቻዎች በምት ይኮማተራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት ምቶች በ0.8 ሰከንድ ልዩነት ይመጣሉ፤ ከዚያ እየዘገዩና እየላሉ ይሄዳሉ። የልብ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 180፣ ትንፋሽ ደግሞ እስከ 40 ሊደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ሰከንዶችን ብቻ ነው።

እርካታና የዘር ፈሳሽ መፍሰስ አብረው ስለሚመጡ አንድ ይመስሉናል፤ ሁለት ነገሮች ናቸው። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ አንዳንድ የፕሮስቴት መድኃኒት የሚወስድ ወይም ስኳር ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው እርካታው ሳይጎድል ፈሳሹ ሊጠፋ ይችላል። የፊኛው አፍ ሳይዘጋ ቀርቶ ፈሳሹ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሸናው ሽንት ደፍረስ ይላል። አደገኛ አይደለም፣ ልጅ ለሚፈልግ ግን ለሐኪም የሚነገር ነው።

የመጨረሻው ደረጃ በወንድና በሴት መካከል ያለውን ትልቅ ልዩነት የያዘ ነው። ወንድ ከረካ በኋላ የማገገሚያ ጊዜ አለው፤ በዚያ ጊዜ የፈለገውን ያህል ቢነካካ እንደገና አይረካም። በወጣቱ ደቂቃዎች፣ በሸመገለው ሰዓታት ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ብልት ለመቆም ይዘገያል፣ ቀጥተኛ መነካት ይፈልጋል፣ ፈሳሹም በኃይል አይወጣም። ማስተርስና ጆንሰን ይህን ጽፈው ያሳዩት ግን እርጅና ወሲብን እንደሚያዘገየው እንጂ እንደማያቆመው ነው። ሚስት መዘግየቱን እንደ መጠላት፣ ባልም እንደ ማብቂያው ባያዩት ስንት ቤት ሰላም ባገኘ!

ስለ መጠንም ለክተዋል። ሳይቆም አጭር የሚመስል ብልት ሲቆም በንጽጽር የበለጠ ያድጋል፤ ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚታየው ልዩነት አልጋ ላይ በእጅጉ ይጠባል። የሴቷ ብልትም ለገባው መጠን ራሱን ያስተካክላል። ብልት ያሳድጋል እየተባለ የሚሸጥ ቅባት ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

በ1970 ሁለተኛው ትልቅ መጽሐፋቸው ወጣ፤ ይኸኛው ስለ ችግሩና ስለ ሕክምናው ነበር። በመግቢያችን ያነሳነው ትዕዛዝ የሚገኘው እዚህ ነው። ወንዶቹን ሲመረምሩ አንድ ነገር ደጋግመው አዩ። አንድ ቀን በድካም ወይም በመጠጥ ምክንያት ብልቱ እንቢ ያለው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ከሚስቱ ጋር አይሆንም፤ ቆሞ ራሱን ይታዘባል። ቆመ? አልቆመም? እያለ እንደ ተመልካች ይከታተላል። ፍርሃት ደግሞ አድሬናሊን ያመጣል፣ አድሬናሊን የብልትን የደም ሥሮች ያጠባል። እንቅልፍን የሚያሳድድ ሰው እንቅልፍ እንደሚሸሸው ማለት ነው። ብልት በትእዛዝ አይቆምም።

ስለዚህ ፈተናውን አነሱት። ባልና ሚስት ግንኙነት ሳያደርጉ፣ መጀመሪያ ላይ ብልትና ጡትን ሳይነኩ፣ ተራ በተራ ገላ ለገላ እንዲዳሰሱ ብቻ አዘዟቸው። ማሳካት ያለበት ነገር ስለሌለ የሚፈራውም ነገር የለም። ሕክምናው ለሁለት ሳምንት በየቀኑ የሚሰጥ ሲሆን ሁለቱንም በአንድነት የሚያነጋግሩ ወንድና ሴት ባለሙያዎች ነበሩት፤ አንዱ ብቻ በሽተኛ ተብሎ አይወቀስም። ቶሎ ለሚጨርሱ ወንዶች ደግሞ ያቺ የማትመለሰው ቅጽበት ሳትደርስ ሚስት የብልቱን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጋ እንድትይዝ አስተማሩ፤ ይህም ጄምስ ሴማንስ የተባሉ ሐኪም በ1956 ያሳተሙትን ጀምሮ የማቆም ዘዴ ያዳበረ ነው። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ይሠራባቸዋል።

አሁን ስለ ስህተታቸው። ማስተርስ የብልት አለመቆም አብዛኛውን ጊዜ ከአእምሮ የሚመጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ ብዙ ሐኪሞችን አሳስተዋል። ዛሬ እንደምናውቀው ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ የኮሌስትሮል ብዛትና አንዳንድ መድኃኒቶች የብልትን የደም ሥርና ነርቭ ይጎዳሉ። የብልት የደም ሥሮች ከልብ የደም ሥሮች ስለሚቀጥኑ ችግሩ ቀድሞ የሚታየው በእነሱ ላይ ነው፤ አለመቆሙ ከልብ ሕመም ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። በሌሊትና በማለዳም ጭምር መቆም የቀረባችሁ ከሆነ ጭንቀት ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ደማችሁንና ግፊታችሁን አስመርመሩ። ደም እንዲገባ የደም ሥሩን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑ የታወቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1998 ቫያግራ ገበያ ላይ ሲወጣ ማስተርስ በሕይወት ነበሩ። ክኒኑም ቢሆን ያለ መነቃቃት አይሠራም፤ የልብ ሕመም መድኃኒት የሆነውን ናይትሬት ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው።

ሌላም ጥፋት አለ። በ1979 ያሳተሙት መጽሐፍ የተመሳሳይ ፆታ ፍላጎትን በሕክምና እንቀይራለን የሚል ነበር፤ ማስረጃው ሲፈተሽ አልቆመም፣ ትልልቅ የሕክምና ማኅበራትም ይህን ዓይነት ሕክምና አይቀበሉም። በ1988 ስለ ኤድስ የጻፉትም በሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ክፉኛ ተተችቷል። አራቱ ደረጃዎችም ፍላጎት የሚባለውን ነገር ዘንግተው ነበር፤ እሱን በ1970ዎቹ መጨረሻ የጨመሩት ዶክተር ሔለን ካፕላን ናቸው።

ማስተርስ የመጀመሪያ ሚስታቸውን ፈትተው ጆንሰንን በ1971 አገቡ። የሌሎችን ትዳር ሲጠግኑ የኖሩት ሁለቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተፋቱ፤ ክሊኒካቸውም በ1994 ተዘጋ። ዶክተር ማስተርስ በፓርኪንሰን ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው በየካቲት 2001 በአሪዞና ግዛት፣ ቱሰን ከተማ በ85 ዓመታቸው አረፉ። ጆንሰን ከእሳቸው በኋላ 12 ዓመት ኖራ በ2013 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ሞተች።