ንጉሥ ላሊበላና የድኻው ገበሬ ላም

በትምህርት ቤት የአገር ታሪክ ስንማር ስለ ዛጔ ዘመን የሚደርሰን ጥቂት ነው። ከአክሱም መዳከም ተነሥተን በፍጥነት ወደ ይኩኖ አምላክ፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 1270 ዓ.ም. እንሻገራለን። በመካከሉ ላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት አሳነጸ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። እኛም የላስታ ልጆች ይህችኑ ለፈተና ጽፈን እናልፋለን። የሥነ ዜጋ ትምህርት ደግሞ በሌላ ክፍለ ጊዜ ስለ መብትና ግዴታ ያስተምረናል። ሁለቱ ትምህርቶች የሚገናኙት ግን በዚሁ ንጉሥ ሕይወት ውስጥ ሆኖ አገኘነው።

ላሊበላ የተወለደው በላስታ፣ በሮሃ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ገና ሕፃን ሳለ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ነገሩን የመንግሥት ምልክት አድርጋ በዚያው ሰየመችው። ይህም በዙፋን ላይ ለነበረው ወንድሙ ለሐርቤ ስጋት ሆነበት። መርዝ አጠጡት፤ ተሰደደ፤ በመጨረሻም ወንድሙ ዙፋኑን ለቀቀለት። ስመ መንግሥቱም ገብረ መስቀል ተባለ። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሆነ፣ እንደ ዜና መዋዕል ልናነበው አይገባም።

ይሁን እንጂ ላሊበላ በገድል ብቻ የሚታወቅ አይደለም። ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ፣ በወርቅ ወንጌሉ ውስጥ፣ ለገዳሙ መሬት የሰጠበት ጽሑፍ አለ፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን 1225 ነው። የግብፅ ፓትርያርኮች ታሪክም ስሙን ያነሣል። ሳላሕዲን ኢየሩሳሌምን በ1187 ከያዘ ወዲህ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም ሊሠራ ተነሣ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ወንዙም ዮርዳኖስ ይባላል። ሁሉም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ዘመን አልተፈለፈሉም የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ይህ ክርክር ንጉሡን የሚያሳንሰው አይመስለንም።

እኛን የያዘን ግን ሌላ ነገር ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚለው፣ ንግሥት መስቀል ክብራ ባሏን መክራ መንግሥቱን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ አስለቀቀችው። አዲሱ ንጉሥ 18 ወር ገዛ። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹ ለንጉሥ ማዕድ ብለው የአንድ ድኻ ገበሬን ላም ነዱበት። ያለችው እርሷ ብቻ ነበረች። በደጋ ለሚኖር ድኻ አንዲት ላም ማለት የልጆቹ ወተት ናት፤ ነገ ቀንበር የሚሸከመውን በሬ የምትወልድ እርሷ ናት፤ ኩበቷም ማገዶ ነው። ወታደሩ ግን በዚያ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ከገበሬው ጓዳ ይበላ ስለ ነበር፣ ያደረገው ነገር ነውር ላይመስለው ይችላል።

መስቀል ክብራ ይህን በሰማች ጊዜ ባሏ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ ለመነችው፤ እርሱም ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ቀድሞ ልቀቅ ብላ የመከረችውም ራሷ ነበረች። ምክሯ በድኻ ላይ ምን እንዳመጣ ስታይ ለክብሯ ብላ ዝም አላለችም። ነአኵቶ ለአብም ቢሆን ክፉ ሰው ተብሎ አልቀረም፤ ቤተ ክርስቲያን እንደ ቅዱስ ታከብረዋለች፤ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያንም በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ደግ ንጉሥ በነገሠበት ዘመን እንኳ ወታደሩ የድኻ ላም ሊነዳ ይችላል ማለት ነው። በሥነ ዜጋ መጽሐፋችን የሕግ የበላይነት የሚለው ርእስ በዚህች ላም ቢጀምር፣ የሮሃ ተማሪ ትርጉሙን በቃሉ መሸምደድ ባላስፈለገው ነበር።

ነገሩ ትውፊት ነው፤ የላሟ ጉዳይ እንደ መሬቱ ስጦታ በወርቅ ወንጌል አልተጻፈም። ትውፊቱን ያቆዩልን ሰዎች ግን ዙፋን በአንዲት ላም ምክንያት ሊመለስ እንደሚችል ያምኑ ነበር።

ላሊበላ ካረፈ በኋላ መስቀል ክብራ ለመታሰቢያው ቤተ አባ ሊባኖስን እንዳሠራች ይነገራል። በአራቱም ወገን ከዓለቱ ተለይቶ ጣሪያው ብቻ ከላይ ከተራራው ጋር እንደ ተያያዘ የቀረው ቤተ ክርስቲያን እርሱ ነው።