የኑክሌር ግምጃ ቤት ጥበቃና ዶክተር ቴዎዶር ቴይለር

በአገው ምድር የምትገኘው የግምጃ ቤት ከተማ ስሟን የምትጋራው የከበረ ንብረት ከሚጠበቅበት ቤት ጋር ነው። በማናቸውም ግምጃ ቤት የጥበቃው ልክ የሚወሰነው በንብረቱ ዋጋ ነው፤ ወርቅ የተቀመጠበት ሣጥን መዳብ ከተቀመጠበት ይልቅ በጠነከረ ቁልፍ ይዘጋል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን የሰው ልጅ ከዋጋው ይልቅ ጥፋቱ የሚያስፈራ ንብረት አከማቸ። ይህን ልዩነት ቀድመው ከተረዱትና ሳይታክቱ ካስረዱት ሰዎች አንዱ የፊዚክስ ሊቁ ዶክተር ቴዎዶር ቴይለር ናቸው።

ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1925 ከአሜሪካውያን ወላጆች በሜክሲኮ ከተማ ተወለዱ። በ1945 ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በፊዚክስ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ሂሮሺማ በአቶሚክ ቦምብ መጥፋቷን በሰሙ ጊዜ፣ እንዲህ ባለ መሣሪያ ሥራ ከቶ እንደማይገቡ ለእናታቸው ጻፉ። ይሁን እንጂ በበርክሌይ የዶክትሬት ማጣሪያ ፈተና ሁለት ጊዜ ከወደቁ በኋላ ሥራ ያገኙት ቦምቡ በተሠራበት በሎስ አላሞስ ነበር። በፈተና የወደቁት ወጣት በንድፍ ሥራ ተወዳዳሪ አልተገኘላቸውም። በ1952 የተሞከረው 500 ኪሎቶን የሚመዝን ኃይል ያለው ቦምብ የእሳቸው ንድፍ ውጤት ነው። ቦምብን እያሳነሱ አንድ ወታደር ሊሸከመው እስከሚችል ድረስ የማድረሱም ጥበብ ከእሳቸው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1954 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

በ1956 ወደ ጄኔራል አቶሚክ ኩባንያ ተዛውረው፣ ትሪጋ የተባለውን የምርምር ሪአክተር ከነደፉት መሐንዲሶችና ሊቃውንት አንዱ ሆኑ። የዚህ ሪአክተር ነዳጅ ሙቀቱ በጨመረ መጠን የኑክሌሩን ሂደት ራሱ ስለሚገታ፣ የሠራተኛ ስሕተት እንኳ ቢደርስ አደጋ አያስከትልም ተብሎ ታመነበት። ነገር ግን ከስሕተት የሚጠብቅ ንድፍ ከሌባ አይጠብቅም። በ1959 በኪንሻሳ ሥራ ከጀመረው የትሪጋ ሪአክተር በ1970ዎቹ ሁለት የነዳጅ ዘንጎች ተሰረቁ። አንደኛው በ1998 ኢጣልያ ውስጥ በወንጀለኞች እጅ ተገኘ፤ ሁለተኛው ግን የደረሰበት አልታወቀም።

ቴይለር ከ1964 እስከ 1966 በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሲሠሩ ስለ ኑክሌር መሣሪያ የነበራቸው አስተሳሰብ ተለወጠ። ከዚያም በኋላ አንድን ጥያቄ አነሡ፤ ይኸውም ጥቂት ኪሎ ፕሉቶኒየም ወይም የበለጸገ ዩራኒየም የሰረቀ ቡድን ቦምብ ሊሠራ ይችላልን የሚል ነው። ቦምብን እጅግ አሳንሰው የነደፉት ሰው የደረሱበት መልስ ይችላል የሚል ሆነ። በዚያ ዘመን ግን ጥበቃው የተመሠረተው፣ ዕቃው ውድ ስለሆነ ባለቤቱ ይጠብቀዋል በሚል ግምት ላይ ነበር። በ1974 ከሕግ ምሁሩ ከሜሰን ዊልሪች ጋር ስለ ኑክሌር ስርቆት መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚያው ዓመት ደራሲው ጆን ማክፊ የቴይለርን ሥጋት የሚተርክ መጽሐፍ አወጣ። አንዳንድ ባልደረቦቻቸው ይህ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው ሲሉ ተቹአቸው። ትችቱ ቀላል አልነበረም። ቴይለር ግን በዝምታ የተሸፈነ ጉድለት ሳይታረም ይቀራል ብለው ያምኑ ነበር።

ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ በብዙዎች ጥረት መልክ ያዘ። በ1975 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የጥበቃ ምክረ ሐሳቡን አሻሽሎ አወጣ። በ1978 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ለልዩ ልዩ አገሮች ባለሙያዎች ትምህርት እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ሥልጠናውም በሳንዲያ ቤተ ሙከራ ይሰጥ ጀመር። በ1980 ለፊርማ የቀረበው የኑክሌር ንብረት ጥበቃ ስምምነት በ1987 ጸና፤ በ2005 የተደረገውም ማሻሻያ በ2016 ሥራ ላይ ዋለ።

የሥልጠናው ፍሬ ነገር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ጥበቃ ማወቅ፣ ማዘግየትና መድረስ በሚባሉ ሦስት ተግባራት ይከፈላል። የማስጠንቀቂያው ደወል ከተሰማ በኋላ አጥሩና መዝጊያው ሌባውን የሚያዘገዩበት ጊዜ፣ ጠባቂው ለመድረስ ከሚፈጅበት ጊዜ መብለጥ አለበት። ደወሉ ሳይሰማ የፈረሰ ግንብ የቱንም ያህል ቢወፍር ከስሌቱ አይገባም። ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ራሱ ሊከዳ እንደሚችልም አብሮ ይታሰባል።

ኢትዮጵያ ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 አባል ሆናለች። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ባይኖራትም፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ከ1997 ጀምሮ በኮባልት 60 ጨረር ሲሰጥ ቆይቷል። ኮባልት ቦምብ አይሆንም፤ ነገር ግን ያለ ጠባቂ ቢቀር ይገድላል። ስለዚህ ትምህርቱ እኛንም ይመለከታል።

ቴይለር በ1979 የስሪ ማይል አይላንድን አደጋ በመረመረው ኮሚሽን ውስጥ አገለገሉ፤ በኋለኛው ዕድሜያቸውም ለታዳሽ ኃይል ሠሩ። በ2004 በ79 ዓመታቸው አረፉ። የነደፉትን ቦምብ መልሰው ከዓለም ሊያጠፉት አልቻሉም፤ የቦምቡ ፍሬ የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት ግን በዋጋው ሳይሆን ሊያደርስ በሚችለው ጥፋት መጠን እንዲጠበቅ ግማሽ ዕድሜያቸውን ሰጡ።