ከሽንፈት በኋላ፦ የዋግሹም ጎበዜ የሕይወት ታሪክ

በአገራችን የሥልጣን ውድድር በድምፅ መስጫ ወረቀት መዳኘት የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። ከዚያ አስቀድሞ ዳኛው የጦር ሜዳ ነበር። ይሁን እንጂ በአገር አቀፍ ውድድር የተሸነፈ ወገን እንዴት መልሶ ይቆማል የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ዘመን ያው ነው። ይህን ጥያቄ በማሰብ ስማቸው ከጋዝጊብላ እስከ ሰቆጣ፣ በመላው የዋግ ደጋ ሲነገር የኖረውን የዋግሹም ጎበዜን፣ በንግሥ ስማቸው የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን።

የዋግ ገዢዎች ቤት ሽንፈትን ከሌሎች ቤቶች ቀድሞ የተማረ ቤት ነው። የዛጉዌ ነገሥታት ዙፋን በ1262 ዓ.ም. ገደማ ወደ ይኩኖ አምላክ በተላለፈ ጊዜ፣ ትውፊት እንደሚያስረዳው፣ የወረደው ቤት ዋግን ይዞ እንዲኖርና ዋግሹም እየተባለ በንጉሥ ፊት ከሌሎች መኳንንት የበለጠ ክብር እንዲያገኝ ተፈቀደለት። ዙፋኑን ያጣው ወገን ርስቱን፣ ሕዝቡንና ማዕረጉን አላጣም። ቤቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጠፋ የኖረበት ምክንያት ይህ ነው።

ጎበዜ የዋግሹም ገብረ መድኅን ልጅ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ አገሪቱን በአንድ እጅ ለማድረግ በተነሡበት ዘመን አባታቸው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ በ1850 ዓ.ም. ገደማ ተሰቀሉ። ለወጣቱ ጎበዜ ይህ የአባት ሞት ብቻ ሳይሆን የመላው ቤት ውድቀት ነበር። ይሁን እንጂ ኀዘናቸው ወደ ችኮላ አልመራቸውም። ዓመታትን ታግሠው በዋግና በላስታ ያለውን ወገናቸውን አሰባሰቡ፤ ከ1857 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም በግልጽ ሸፈቱ። ከቴዎድሮስ ዋና ጦር ጋር ፊት ለፊት ከመግጠም ተቈጥበው፣ የንጉሠ ነገሥቱ ኀይል እየሳሳ በሄደበት አገር ሁሉ ግዛታቸውን አሰፉ። ጎንደርም ከመቅደላው ጦርነት በፊት በእጃቸው ገባች።

የጋብቻ ዝምድናም ኀይል ሆናቸው። የትግራዩን የደጃዝማች ካሣ ምርጫን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን አገቡ፤ የራሳቸውን እኅት ወይዘሮ ላቀችን ደግሞ ለጎጃሙ ለአዳል ተሰማ ዳሩ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምት በዋግና በላስታ ምድር ሲያልፍ አልከለከሉትም። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ በመቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አወጁ። የተሰቀለው ዋግሹም ልጅ በዐሥር ዓመት ውስጥ በዙፋን ተቀመጠ። በጎንደርም በጦርነት የተጎዱ አብያተ ክርስቲያናትን ማሳደስ ጀመሩ።

ነገር ግን መንግሥታቸው ከመነሻው ሁለት ነገር ጐደለው። አንደኛው፣ አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ እስር ቤት ስለ ሞቱ ቀብቶ የሚያነግሣቸው ጳጳስ አልነበረም። ሁለተኛው መሣሪያ ነበር። እንግሊዞች ከአገር ሲወጡ ለረዳቸው ለካሣ መድፍና ጠመንጃ ትተውለት ሄዱ። ካሣም በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን ከግብጽ አስመጣ። ተክለ ጊዮርጊስ ይህን ሁሉ እያዩ በሠራዊታቸው ብዛት ታመኑ። በ1863 ዓ.ም. ክረምት 60,000 ያህል ሠራዊት አስከትለው ወደ ትግራይ ዘመቱ ይባላል፤ የካሣ ጦር 12,000 ያህል ብቻ ነበር። ሐምሌ ወር ላይ በዓድዋ አጠገብ በአሳም በተደረገው ውጊያ ተሸንፈው ተማረኩ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብሎ ዘውድ ጫነ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ እንበል። በመጀመሪያው ሽንፈት ጊዜ ጎበዜ የሚመለሱበት አገር፣ የሚያስቡበት ጊዜና የሚሰበስቡት ወገን ነበራቸው። በሁለተኛው ሽንፈት ግን ያላቸውን ሁሉ ለአንድ ቀን ውጊያ ስለ ሰጡ ምንም አልተረፋቸውም። አሸናፊውም ዕድል አልሰጣቸውም፤ ዐይናቸው ጠፍቶ፣ በእስር ላይ እንዳሉ ጥቂት ዓመታት ሳይቈዩ ዐረፉ። አማቾች እንኳ በማይማማሩበት የሥልጣን ሥርዓት የተሸነፈ ሰው እንደ ገና ሊነሣ አይችልም። ይህን የሚያውቅ ሰውም ሽንፈትን በሰላም ከመቀበል ሞትን ይመርጣል። አገራችን ዙፋን በተለዋወጠ ቊጥር ደም ያፈሰሰችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የዋግ ቤት ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። የዋግሹምነት ማዕረግ በዘሩ ውስጥ ቀጠለ። ተከታዮቹ ዙፋኑን መልሶ ለመያዝ ሳይሆን ሕዝባቸውን ለማስተዳደርና አገርን ለማገልገል ተሠማሩ። ዋግሹም ጓንጉል በ1888 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር በዓድዋ ተሰለፉ፤ ዋግሹም ጎበዜ በተሸነፉበት አካባቢ የዋግ ሰው በድል ቆመ። ከዚያም በፋሺስት ወረራ ዘመን ደጃዝማች ኀይሉ ከበደ የዋግንና የላስታን አርበኞች መርተው ተዋጉ፤ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ተይዘው አንገታቸው ተቈረጠ። ያ ቤት በሕዝብ ልብ ውስጥ ስሙን ያደሰው ዘውድ በመጫን ሳይሆን በዚህ መሥዋዕትነት ነው።

ዛሬ ውድድሩ በምርጫ ሆኗል። የፖለቲካ ፓርቲዎቻችን ግን ከዚህ ታሪክ የሚማሩት ብዙ አላቸው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ከተፈቱም በኋላ ቅንጅቱ እርስ በርሱ ተከፋፍሎ ፈረሰ። በዚያ ጊዜም ለተሸነፈ ወይም ተሸነፈ ለተባለ ወገን ቦታ አልተገኘም፤ ቦታ ሲገኝም አንድነቱ ቀድሞ ጠፋ።

የተሸነፈ ፓርቲ የሚያገግመው ወደ መረጠው ሕዝብ፣ ወደ ወረዳውና ወደ ቀበሌው ተመልሶ፣ ለምን እንዳልተመረጠ በትሕትና ሲጠይቅ ነው። ያለ ሥልጣንም ማገልገል እንደሚችል በሥራ ማሳየት ይገባዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በአሸናፊው ፈቃድና ፍትሕ ላይ ደግሞ ይቆማል። የተሸናፊውን ዐይን ያላጠፋ፣ በሩን ያልዘጋበት፣ ስሙንም ያልሰረዘ አሸናፊ ለራሱም ነገ የሚያርፍበትን ቦታ ያዘጋጃል። ዛሬ ያሸነፈ ሁሉ አንድ ቀን መሸነፉ አይቀርምና።