ከተጎታች ጀልባ ላይ የበረረው ሳምሶን

ቻርልስ ሳምሶን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ተወለደ። የባሕር ኃይል መኮንን ሳለ በ1912 ከጦር መርከብ ላይ አይሮፕላን በማስነሣት ከአገሩ ሰዎች የመጀመሪያው ሆነ።

በ1918 የጀርመን ዜፔሊኖች በሰሜን ባሕር ላይ ከፍ ብለው እየበረሩ የእንግሊዝን መርከቦች ይሰልሉ ነበር። ከየብስ የሚነሣው ተዋጊ አይሮፕላን እስከዚያ ርቆ መሄድ አይችልም። ስለዚህ አይሮፕላኑን በጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ጭኖ በፈጣን የጦር መርከብ ማስጎተት ታሰበ። ጀልባዋ በፈጠነች መጠን የፊት ነፋሱ ስለሚበረታ ለመነሣት ጥቂት ሜትር ይበቃል።

ሜይ 30 ቀን ሳምሶን ራሱ ሞከረው። ማዕርጉ ኮሎኔል ነበርና የበታቹን ቢያዝ የሚነቅፈው አልነበረም። አይሮፕላኗ በጎማ ፈንታ መንሸራተቻ ተገጥሞላት ነበር፤ እርሱም ከመሥመሩ ወጣና ከጀልባዋ ፊት ባሕር ውስጥ ወደቀች። ጀልባዋም በላይዋ አለፈች። ሳምሶን ከስብርባሪው ሥር ታግሎ በሕይወት ወጣ።

መንሸራተቻው ቀርቶ ጎማ ተመለሰ። ጁላይ 31 ቀን ስቱዋርት ከሊ የተባለ ወጣት መኮንን በደኅና ተነሣ፤ ኦገስት 11 ቀንም ኤል 53 የተባለውን ዜፔሊን አቃጥሎ ጣለ። ማረፊያ ስላልነበረው የተመለሰው በመርከቦቹ አጠገብ ውሃ ላይ ነው። የከሊ አይሮፕላን በእንግሊዝ የጦርነት ሙዚየም ተጠብቃለች። ሳምሶን በ1931 በ47 ዓመቱ ሞተ።