ዶክተር ዊልያም ኮሊ፦ የኢሚዩኖቴራፒ ፈር ቀዳጅ

ዶክተር ዊልያም ኮሊ (ከ1862 እስከ 1936 እ.ኤ.አ.) የኒው ዮርክ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። አንዲት ወጣት ታካሚ እጇ ላይ በወጣ ካንሰር ስትሞትባቸው የድሮ የሆስፒታል መዛግብትን አገላበጡ። የአንገት ዕጢ የነበረበት አንድ ሰው፣ ከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ከያዘው በኋላ ዕጢው እንደጠፋ አነበቡ፤ ፈልገውም በሕይወት አገኙት። በ1891 የካንሰር ታካሚዎችን ሕያው ባክቴሪያ መውጋት ጀመሩ። የተሻላቸው ነበሩ፤ በኢንፌክሽኑ የሞቱም ነበሩ። ስለዚህ የሞቱ ባክቴሪያዎችን ወደ መጠቀም ዞሩ።

የዛሬው ኢሚዩኖቴራፒ በአብዛኛው ባክቴሪያ አይደለም፤ ካንሰሩ ያፈዘዘውን የሰውነት መከላከያ ያነቃል። ለሁሉም ግን አይሠራም። የጨጓራ ወይም የአንጀት ካንሰር ካለብዎት፣ ዕጢው «ኤምኤስአይ» የሚባለው ምርመራ ተሠርቶለት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በሕክምና ላይ ሳሉ ትኩሳት ከመጣብዎት፣ ይጠቅመኛል ብለው ሳይቆዩ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።