አዝ-ዘህራዊ እና የአፍንጫ ውስጥ እባጭ



አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብኑ ዐባስ አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ) በ10ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ የኖሩ ሐኪም ናቸው። መጠሪያቸው የመጣው በቁርጡባ አጠገብ ከነበረችው ከአዝ-ዘህራ ከተማ ነው። «አት-ተስሪፍ» የተባለው ኪታባቸው 30 ክፍሎች አሉት፤ የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን 200 ገደማ መሣሪያዎች በሥዕል ቀርበውበታል።

ይህን ክፍል የጻፉት የቀዶ ሕክምና እውቀት በአገራቸው ሊጠፋ መቃረቡን አይተው ነው። አንድ ያልተማረ ሐኪም የአንዲት ሴት አንገት ላይ ያለን እባጭ ሲቀድ የደም ሥሮቿን ቆርጦ፣ ደሟ ፈሶ እፊቱ ስትሞት ተመልክተዋል። ስለዚህ ተማሪዎቻቸው ቢላ ከማንሳታቸው በፊት የሰውነትን አሠራር ጠንቅቀው እንዲያውቁ አጥብቀው መክረዋል።

ይህ ጥንቃቄያቸው በአፍንጫ እባጭ ላይ በደንብ ይታያል። መለየት ይቀድማል፤ ጠቆር ያለ፣ የነቀርሳ ጠባይ ያለው አለ፤ ለስላሳና ያልጠቆረም አለ። ለስላሳ ከሆነ በሽተኛውን ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙረው ያስቀምጡታል፤ አፍንጫውን ከፍተው እባጩን በመንጠቆ ይስቡና በስለታም ቢላ ይቆርጡታል። ቀጥሎ ያለው ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ቧንቧ እንደ መፈተሽ ነው። በአፍንጫው ኮምጣጤ ወይም ውሃ ያፈሳሉ። ወደ ጉሮሮ ከወረደ መንገዱ ተከፍቷል፤ ካልወረደ ቢላው ያልደረሰበት ቅሪት ከላይ አለ። ያኔ ወፍራም የተልባ እግር ክር በጣት ስፋት እያራራቁ ይቋጥሩና በአፍንጫ አስገብተው በአፍ ያወጡታል። ሁለቱን ጫፎች ይዘው ወዲያና ወዲህ ሲስቡ ቋጠሮዎቹ እንደ መጋዝ ጥርስ ቅሪቱን ይቆርጡታል።

ስለ ነቀርሳ ሲጽፉ ደግሞ፣ ገና ትንሽ ሳለና ሙሉ በሙሉ ሊወጣ በሚችል ቦታ ካለ እንዲወጣ፣ የቆየውና የገዘፈው ግን እንዳይነካ አስጠንቅቀዋል። እሳቸው እንዲህ ያለውን አንድም እንዳላዳኑ፣ ያዳነ ሰውም እንዳላዩ ሳይደብቁ ጽፈዋል። ያን ሁሉ መሣሪያ ለሚያውቅ ሰው ይህን መጻፍ ቀላል አልነበረም። ግን የበሽተኛው ሕይወት አማና ነበር፤ ከስማቸው በፊት እሱን አስቀደሙ።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጄራርድ ዘክሬሞና ይህን ክፍል ወደ ላቲን መለሰው፤ አውሮፓም ለዘመናት ተማረበት። ዛሬ ሐኪሞች በካሜራና በሲቲ ስካን አይተው፣ ናሙና ወስደው ዓይነቱን ይለያሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው፦ መለየት፣ ከዚያ ማከም። በአንድ ወገን ብቻ የታፈነ ወይም የሚደማ አፍንጫ ሳይሻለው ከሰነበተ እናንተም ችላ አትበሉት፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም የምናውቀውን በጥራት የምንሠራ፣ የማንችለውን በግልጽ የምንናገር ያድርገን። አሚን!