የወደብ ሠራተኞች ሽማግሌ
ካርዲናል ሄንሪ ኤድዋርድ ማኒንግ (1808–1892)

ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት መካከል ስማቸው ከሠራተኞች ታሪክ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ብዙዎች አይደሉም። የዌስትሚንስተር ሊቀ ጳጳሳት የነበሩትን ካርዲናል ሄንሪ ኤድዋርድ ማኒንግን ግን የእንግሊዝን ሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ የጻፉ ሁሉ፣ እምነት የለንም የሚሉት ጭምር፣ ሳይጠቅሷቸው አያልፉም። ይህን ስም ያተረፉትም በጕብዝናቸው ወራት ሳይሆን 81 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።

ማኒንግ ጁላይ 15 ቀን 1808 በእንግሊዝ አገር ቶተሪጅ በተባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው ዊልያም ማኒንግ የታወቁ ነጋዴ፣ የፓርላማ አባልና በአንድ ወቅትም የእንግሊዝ ባንክ ገዥ ነበሩ። የቤተ ሰቡ ሀብት የመጣው በካሪቢያን ደሴቶች ባሮች እያለሙት በመርከብ ወደ ለንደን ከሚገባው የስኳር ንግድ ነበር። የነገሩን አካሄድ ለሚመለከት ሰው ይህ ሊዘነጋ የሚገባው አይደለም። በወደቡ ከሚራገፈው ስኳር የተማረው ልጅ በስተርጅናው ስኳሩን በጀርባቸው የሚያወርዱት ሰዎች ሸምጋይ ለመሆን በቅቷልና። ሀብቱ ግን አልጸናም። በ1831 አባታቸው ከሠሩ፤ ወጣቱም ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕረግ ቢመረቅም ያሰበው የፖለቲካ ሕይወት ከፊቱ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ክህነት ተቀብለው በላቪንግተን ገጠር ማገልገል ጀመሩ። በ1833 ካሮላይን ሳርጀንትን አገቡ፤ ሚስታቸው ግን አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱባቸው። ልጅ አልነበራቸውም፣ ሌላም አላገቡም። በላቪንግተን የበግ እረኞችና የገበሬ ቅጥረኞች ከወር እስከ ወር በምን እንደሚኖሩ በዐይናቸው አዩ። በ1840 የቺቸስተር ሊቀ ዲያቆናት ሆነው ተሾሙ። የመንግሥት ፍርድ ቤት በምሥጢረ ጥምቀት ትምህርት ላይ ሊበይን በመነሣቱ ኅሊናቸው ታውኮ ብዙ ካመነቱ በኋላ ኤፕሪል 6 ቀን 1851 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ወደፊት ጳጳስ ይሆናሉ ሲባሉ የነበሩት ሰው ማዕረጋቸውንና አብዛኞቹን ወዳጆቻቸውን ተዉ። በ1865 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ የዌስትሚንስተር ሊቀ ጳጳሳት አድርገው ሾሟቸው፤ በ1875ም የካርዲናልነት ማዕረግ ሰጧቸው።

መንጋቸው ማን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በለንደን የነበሩት ካቶሊካውያን በብዛት በ1840ዎቹ ከደረሰው የአየርላንድ ረኀብ ሸሽተው የመጡ ድኾችና ልጆቻቸው ነበሩ፤ ሥራቸውም የቀን ሥራ፣ ከሁሉ ይልቅ የወደብ ጫኝና አውራጅነት ነበር። አዲሱ ሊቀ ጳጳሳት ታላቅ ካቴድራል እንዲሠሩ ሲጠበቅባቸው፣ ቦታው እንዲገዛ ቢፈቅዱም በመንገድ የሚንከራተቱት የድኻ ልጆች ትምህርት ቤት ሳያገኙ ድንጋይ አላስቀምጥም አሉ። በ1866 ለዚሁ የሚሆን የትምህርት መዋጮ አቋቋሙ። መጠጥ የሠራተኛውን ቤት ሲያፈርስ በማየታቸውም ከመጠጥ የሚታቀቡ ምእመናን ማኅበር መሥርተው እሳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአልኮል ራቁ። ከካርዲናል ኒውማን ጋር አለመግባባታቸውና በአስተዳደራቸው ጥብቅ መሆናቸው ብዙ ተጽፎበታል፤ ሥልጣን ወዳድ ነበሩ ብለው የነቀፏቸው ጸሐፊዎችም አሉ። ጠባያቸው ቀላል እንዳልነበረ ወዳጆቻቸውም አይክዱም። ቢሆንም በዚህ ጽሑፍ የምንተርከውን ሥራ የሠሩት በዚሁ የማይበገር ጠባይ መሆኑን ነቃፊዎቻቸው ዘንግተውታል።

ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ መብት መናገር የጀመሩት ከአድማው ብዙ ዓመታት በፊት ነበር። በ1872 የገበሬ ቅጥረኞች ማኅበር አቋቁመው በተነሡ ጊዜ በለንደን በተደረገው የድጋፍ ስብሰባ ላይ ከመድረኩ ተቀመጡ፤ ይህም በባለ መሬቶች ዘንድ ትልቅ ቅሬታ አሳደረ። በ1874 በሊድስ ከተማ ባደረጉት ንግግር የሠራተኛው ጕልበት እንደ ገንዘብ ሁሉ የራሱ ሀብት መሆኑን፣ ያንንም በማኅበር ሆኖ የመጠበቅ መብት እንዳለው አስተማሩ። በ1887 የአሜሪካው ካርዲናል ጊበንስ የሠራተኛ ማኅበር አባላት እንዳይወገዙ ለቅድስት መንበር ሲያመለክቱ ማኒንግ ከጎናቸው ቆሙ። በረኀብ ሊሞት የደረሰ ሰው ከባልንጀራው እንጀራ ላይ የተፈጥሮ መብት አለው ብለው በጻፉ ጊዜ አንዳንድ ጋዜጦች ሶሻሊስት አሏቸው። ትምህርቱ ግን የቅዱስ ቶማስ አኲናስ እንደ ነበር ማንም የዘርዐ ክህነት ተማሪ ያውቀዋል።

ወደ ወደቡ እንመለስ። በዚያ ዘመን የለንደን ወደብ ሠራተኛ ቋሚ ሥራ አልነበረውም። በየማለዳው በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በበሩ ላይ ይሰበሰቡና ካቦው ወጥቶ ጥቂቶቹን በጣቱ እየጠቈመ ያስገባል። ለመመረጥ ሰው በሰው ላይ ይረጋገጣል፣ ልብስ ይቀደዳል። የተመረጠውም ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ብቻ ሠርቶ ሊሰናበት ይችል ነበር። የሰዓቱ ክፍያ 5 ፔንስ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዓት ብቻ ሠርቶ የተመለሰ የልጆች አባት በኪሱ የያዘው 10 ፔንስ ነው ማለት ነው፤ ያልተመረጠው ደግሞ ባዶ እጁን ይገባል።

በኦገስት 1889 አጋማሽ ሌዲ አርምስትሮንግ በተባለች መርከብ ጭነት ላይ በተነሣ የጉርሻ ክፍያ ክርክር ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። መሪዎቻቸው ቤን ቲሌት፣ ቶም ማንና ጆን በርንስ ነበሩ። የሰዓቱ ክፍያ 6 ፔንስ እንዲሆን፣ ማንም ከ4 ሰዓት ላነሰ ጊዜ እንዳይቀጠር ጠየቁ። መርከብ ላይ የሚጭኑት ባለሙያዎችም ተባበሯቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100,000 የሚበልጡ ሰዎች ሥራ አቆሙ፤ የዓለም ትልቁ ወደብም ጸጥ አለ። አድመኞቹ በየቀኑ በከተማይቱ የንግድ መንገዶች በሰልፍ ይሄዱ ነበር። የሚበሉትን ለማሳየት የዓሣ ራስና የበሰበሰ ሽንኩርት በእንጨት ላይ ሰክተው ይዞሩ ነበር እንጂ ሱቅ አልሰበሩም። ይህ ሥርዓታቸው የብዙ ሰዎችን ልብ አራራ። ከሩቅ አውስትራሊያ ብቻ ከ30,000 ፓውንድ በላይ እርዳታ መጣላቸው፤ ያ ባይደርስ ኖሮ ረኀቡ በሳምንታት ውስጥ ይሰብራቸው ነበር።

የኩባንያዎቹ ሹማምንት በበኩላቸው ጊዜ እናሸንፋለን ብለው ተቀምጠዋል። እውነቱን ለመናገር እነርሱም በደኅና ጊዜ ላይ አልነበሩም፤ ወደቦቹ ከሚያስፈልገው በላይ ተሠርተው እርስ በርስ ሲሻሙ ትርፋቸው ተሟጦ ነበር። ከዚህ የተነሣ አንዲቱ ፔኒ ትልቅ ነገር ሆነች። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሳምንት ካርዲናሉ ማንም ሳይልካቸው ወደ ኩባንያዎቹ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። የተቀበሏቸው በብርድ ፊት ነው። ሆኖም ከከተማው ከንቲባና ከለንደን አንግሊካን ጳጳስ ጋር ሆነው አንድ የሽምግልና ጉባኤ አቋቋሙ። ኩባንያዎቹ 6 ፔንሱን በመርሕ ደረጃ ተቀበሉ፤ የሚጀመረው ግን ከመጪው ጃንዋሪ 1 ቀን እንዲሆን ጠየቁ። በጉባኤው የተገኙት የሠራተኞቹ ተወካዮች ለማግባባት ቢስማሙም የአድማው ኮሚቴ አልተቀበለውም። የአንግሊካኑ ጳጳስ በሠራተኞቹ ተቈጥተው ወደ ዕረፍታቸው ተመለሱ። ሽምግልናው ያበቃለት መሰለ።

ሽማግሌ ማለት በአገራችን ቃል የዕድሜ ባለጸጋም አስታራቂም ነው፤ ካርዲናል ማኒንግ በሁለቱም ፍቺ ሽማግሌ ነበሩ። በእርጅናና በድካም ላይ ሆነው ከከንቲባው ወደ ኩባንያዎቹ፣ ከኩባንያዎቹ ወደ ሠራተኞቹ መመላለሳቸውን አላቆሙም። ሴፕቴምበር 10 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1882 ዓ.ም. ማለትም የዘመን መለወጫችን ዕለት፣ በፖፕላር ሰፈር በሚገኝ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ውስጥ የአድማውን ኮሚቴ አባላት አገኙ። አዲሱ ክፍያ ከኖቬምበር 4 ቀን ይጀምር የሚል መካከለኛ ሐሳብ ይዘው ነበር የቀረቡት።

በክፍሉ የነበሩት ሰዎች ጠንካሮች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሶሻሊስቶች፣ አንዳንዶቹ ፕሮቴስታንቶች፣ ብዙዎቹም በረኀብ የከረሙ። ሁለት ወር የሚሞላውን ጊዜ መጠበቅ መሸነፍ መስሎ ታያቸው። ካርዲናሉ ለረጅም ሰዓት ተነጋገሯቸው። በአድማው የሚራቡት ሚስቶችና ልጆች መሆናቸውን፣ ሠልፉ እስካሁን ሰላማዊ ቢሆንም አንድ ቀን ደም ሊፈስ እንደሚችል፣ ያን ጊዜም ያተረፉት የሕዝብ ፍቅር በአንድ ሌሊት እንደሚጠፋ አስረዷቸው። አልገሠጿቸውም። በመርሕ ያሸነፉ መሆናቸውን ከነገሯቸው በኋላ የቀረው የቀን ጕዳይ ብቻ መሆኑን አሳዩአቸው። በዚያ የነበሩ ሰዎች እንደ ተረኩት ከራሳቸው በላይ የእመቤታችንና የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ነበረ፤ ሲናገሩ በምስሉ ዙሪያ ብርሃን የዞረ መስሎ የታያቸውም አሉ። ይህን እንደ ተአምር መቍጠር አያስፈልገንም። ለሳምንታት ማንም ያላከበራቸው ሰዎች አንድ የተከበረ አባት በእርጅናው ሰፈራቸው ድረስ መጥቶ ሲለምናቸው ባዩ ጊዜ የተሰማቸውን ስሜት በዚያ ምልክት መግለጣቸው ይሆናል። ሁሉም ባይስማሙም በድምፅ ብልጫ ካርዲናሉ በስማቸው እንዲደራደሩ ፈቀዱ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ኩባንያዎቹን ማሳመን ነበር፤ እሱም አራት ቀን ፈጀ። ሴፕቴምበር 14 ቀን ስምምነቱ ተፈረመ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ወደቡ ተከፈተ። ከኖቬምበር 4 ቀን ጀምሮ የሰዓቱ ክፍያ 6 ፔንስ፣ የማታው 8 ፔንስ ሆነ፤ ለተጠራም ሰው ቢያንስ 2 ሺሊንግ ሳይያዝ መመለስ ቀረ። ሙያ የሌለው ሠራተኛ መደራጀት አይችልም ይባል የነበረውም ተሻረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በመላው እንግሊዝ የጋዝ፣ የመንገድና የወደብ ሠራተኞች በአሥር ሺህዎች በማኅበር ታቀፉ። ይሁንና ድሉ ሙሉ እንደ ነበር አድርጎ መተረክ ስሕተት ይሆናል። ኩባንያዎቹ በሚቀጥሉት ዓመታት ካጡት ብዙውን መልሰው ወሰዱ፤ በየማለዳው በር ላይ የመመረጡ ልማድም ፈጽሞ የቀረው በ1967 ነው።

በ1891 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ረሩም ኖቫሩም የተባለውን ስለ ሠራተኞች ሁኔታ የሚናገር ሐዋርያዊ መልእክት ባወጡ ጊዜ ማኒንግ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ መልእክቱን የሚያብራራ ጽሑፍም ወዲያው አሳተሙ። ለብዙ ዓመታት ብቻቸውን የተናገሩት አሁን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሆኖ ታወጀ። ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ጃንዋሪ 14 ቀን 1892 ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ መቃብሩ ያለው መንገድ በሕዝብ ተሞልቶ ነበር፤ ከመጠጥ የሚታቀቡት ማኅበርተኞችና የወደብ ሠራተኞች ዓርማቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ካቶሊክ ያልሆኑትም ብዙ ነበሩ። ሊሠሩት ያልፈለጉት ካቴድራል ግንባታ የተጀመረው ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1895 ሲሆን፣ በ1907 ዐፅማቸው ከኬንሳል ግሪን መቃብር ወጥቶ በዚያው ካቴድራል ምድር ቤት ዐረፈ።